በካቶሊክ ቁምስና ምሥጢራትን ለመቀበል፦ ከጥምቀት መዝገብ የሚጀምር መመሪያ

«ልጄን ክርስትና ላስነሳ ነው፣ ምን ይዤ ልምጣ?» «ሠርጋችን ከሁለት ወር በኋላ ነው፣ ይደርሳል?» «ድሮ ቆርቤያለሁ፣ ግን ወረቀት የለኝም፤ ምን ላድርግ?» በየቁምስናው (በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን) ጽሕፈት ቤት በር ላይ የሚሰማው ጥያቄ ከዓመት ዓመት ይኸው ነው። አዲስ አበባም ይሁን ሶዶ፣ ዱባይም ይሁን ኩዌት፣ መልሱ የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው፦ ከተጠመቁበት ቁምስና መዝገብ። ሜሮንም (በቅዱስ ቅባት የመታተም ምሥጢር)፣ ጋብቻም፣ ክህነትም በዚያው መዝገብ ኅዳግ ላይ ይጻፋሉ። መዝገቡ ከተስተካከለ ቀሪው መንገድ ቀላል ነው፤ ካልተስተካከለ ግን ሠርግ እስከ ማዘግየት ይደርሳል።

ከዚህ በታች ያሉት ሁሉም ደረጃዎች ለእያንዳንዱ ሰው አያስፈልጉም። ደረጃ 1ን እና 2ን ግን ማንም አይዝለል።

አስቀድመው የሚያዘጋጁት

ለሁሉም ምሥጢር፦
- የመታወቂያ ወይም የፓስፖርት ኮፒ። በውጭ አገር ከሆኑ የመኖሪያ ፈቃድ ኮፒም ይጨምሩ።
- በአንድ ወረቀት ላይ የተጻፈ ሙሉ ስምዎ ከነአባትና አያት፣ የክርስትና ስምዎ፣ የእናትዎ ስም፣ የተጠመቁበት ቁምስናና ሀገረ ስብከት፣ በግምትም ቢሆን የተጠመቁበት ዓመት፣ የክርስትና አባትዎ ወይም እናትዎ ስም።

ለሕፃን ጥምቀት፦
- የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት።
- የወላጆች የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ማስረጃ፣ ካለ።
- የክርስትና አባት ወይም እናት የሚሆነው ሰው የጥምቀትና የሜሮን ማስረጃ።
- ነጭ ልብስ፣ ሻማ፣ ፎጣ፣ ቅያሪ ልብስ።

ለጋብቻ፦
- የሁለታችሁም በቅርቡ የወጣ የጥምቀት ምስክር ወረቀት።
- ከዚህ በፊት አለማግባታችሁን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከየቁምስናችሁ።
- ቀድሞ ያገባ ካለ፣ የትዳር ጓደኛው የሞት የምስክር ወረቀት ወይም የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ውሳኔ።
- የሁለት ምስክሮች መታወቂያ ኮፒ።

ደረጃ 1፦ ሥርዓትዎ የትኛው እንደሆነ ይወቁ

በኢትዮጵያ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሥርዓቶች (የራሳቸው የአምልኮ ወግና ሕግ ያላቸው ወገኖች) ጎን ለጎን አሉ። አዲስ አበባ፣ ዓዲግራት፣ እምድብር እና ባሕር ዳር-ደሴ የግዕዝ ሥርዓት አህጉረ ስብከት ናቸው። ሐዋሳ፣ መቂ፣ ሶዶ፣ ሆሳዕና፣ ጅማ-ቦንጋ፣ ነቀምት፣ ሐረር እና ጋምቤላ የላቲን ሥርዓት ናቸው። እንደ ዱባይና ኩዌት ባሉ የባሕረ ሰላጤው ዓረብ አገሮች የሚያገኟቸው ቁምስናዎችም የላቲን ናቸው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ሜሮን መቼ እንደሚሰጥ፣ ሕፃን መቼ እንደሚቆርብ፣ ጋብቻን ማን ሊባርክ እንደሚችል የሚወሰነው በሥርዓቱ ስለሆነ ነው። ሁለቱም ወላጆች ካቶሊክ ከሆኑ ልጅ የአባቱን ሥርዓት ይከተላል፤ ሁለቱ ተስማምተው ከጠየቁ የእናቱን ይከተላል። ካቶሊክ እናቱ ብቻ ከሆነችም የእናቱን ነው። የግዕዝ ሥርዓት ወላጆች ልጃቸውን ዱባይ ላይ በላቲን ቁምስና ስላስጠመቁ ልጁ ላቲን አይሆንም። ስለዚህ ሲያስመዘግቡ «የግዕዝ ሥርዓት፣ የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን» ተብሎ በመዝገቡ እንዲሰፍር ይጠይቁ። ጸሐፊው ካልተጠየቀ ላይጽፈው ይችላል፤ ችግሩም ልጁ ሊያገባ ሲነሳ ነው የሚታየው።

ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወደ ካቶሊክ ኅብረት የገባ ሰውም፣ የተቀበለው የላቲን ቁምስና ቢሆንም፣ በሕጉ የግዕዝ ሥርዓት አባል ነው።

ደረጃ 2፦ መዝገብዎን ይፈልጉ፣ አዲስ ምስክር ወረቀት ያውጡ

1. የተጠመቁበትን ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን መዝገቡን የያዘውን ቁምስና ይፈልጉ። በገጠር ትንሽ ጸሎት ቤት የተጠመቀ ሰው ስሙ የሚገኘው በዋናው ቁምስና መዝገብ ነው። አንድ ቁምስና ለሁለት ተከፍሎ ከሆነ ደግሞ የድሮው መዝገብ በቀድሞው ቁምስና ይቀራል። «ስምህ የለም» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የተሳሳተ ቁምስና ከመጠየቅ ነው።

2. ራስዎ መሄድ ካልቻሉ ወንድም ወይም እህት ይላኩ። የተላከው ሰው በእጅዎ የተፈረመ የውክልና ደብዳቤ እና የመታወቂያዎን ኮፒ ይያዝ። ቁምስናው የግል መረጃዎን ለማያውቀው ሰው መስጠት የለበትም፤ ባዶ እጁን የሄደ ሰው ቢመለስ ጸሐፊው አላጠፋም።

3. የቀኑን አቆጣጠር ያረጋግጡ። የካቲት 3 ቀን 1990 ዓ.ም. የተጠመቀ ሰው በውጭ ቋንቋ በሚጻፈው ወረቀት ላይ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1998 መባል አለበት። ዓመቱን ብቻ ቀይሮ ቀኑንና ወሩን እንዳለ መተው፣ ወይም ጭራሽ ሳይቀይሩ 1990 ብሎ መላክ ከሁሉ የበዛው ስሕተት ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ የሚጨመረው 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው።

4. ስምዎ ከፓስፖርቱ ጋር ይመሳከር። መዝገቡ ላይ ያለው የክርስትና ስም ብቻ ከሆነ፣ ወይም የአያት ስም ከጎደለ፣ የውጭ አገሩ ቁምስና ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብሎ ያስባል። የላቲን ፊደል አጻጻፍም ያጋጫል፦ «ጽጌ»ን አንዱ በ«ቲ ኤስ» ሌላው በ«ኤስ» ብቻ ይጀምረዋል። መፍትሔው መዝገቡን መፋቅ አይደለም። ቆሞሱ (የቁምስናው ኃላፊ ካህን) «በመዝገብ እንዲህ ተብሎ የተጻፈው በፓስፖርት እንዲህ ከተባለው ጋር አንድ ሰው ነው» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይጻፍልዎ። በመዝገቡ ላይ የሚደረግ እርማት የሀገረ ስብከቱን ፈቃድ ተከትሎ፣ ማስረጃው ተያይዞ ነው የሚሠራው።

5. ከመቀበልዎ በፊት ወረቀቱ እነዚህን መያዙን ይመልከቱ፦ የመዝገብ፣ የገጽና የተራ ቁጥር፣ የወላጆች ስም፣ የአጥማቂው ካህን ስም፣ የክርስትና አባት ወይም እናት ስም፣ ሜሮን የተቀበሉበት ቀንና ቦታ፣ ስለ ጋብቻ የተጻፈ ነገር ካለ እሱም፣ ፊርማና ማኅተም። ማኅተሙ ደብዝዞ ካልተነበበ እዚያው በድጋሚ ያስመቱ፤ ካገር ከወጡ በኋላ ወራት ይፈጃል።

መዝገቡ ተቃጥሎ ወይም ጠፍቶ ከሆነ ተስፋ አይቁረጡ። ሌላውን ሰው የሚጎዳ ነገር እስከሌለ ድረስ፣ ጥምቀቱን ያየ አንድ ታማኝ ምስክር በቆሞሱ ፊት ቃሉን መስጠቱ በቂ ነው። አዋቂ ሆነው የተጠመቁ ከሆነ የራስዎ መሐላ ይበቃል። እናት፣ የክርስትና አባት፣ ወይም በዕለቱ የነበረ ጎረቤት ይሁን፤ ግን ምስክሩ በሕይወት ሳለ ዛሬውኑ ያስጽፉት።

ደረጃ 3፦ ልጅዎን ክርስትና ማስነሳት

ቤተ ክርስቲያን ልጅ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲጠመቅ ትመክራለች። በግዕዝ ሥርዓት ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን የማስጠመቅ ልማድ አለ። ልጁ ከታመመ ግን ቀን አይጠበቅም።

1. ከመውለድ በፊት፣ ካልሆነም እንደ ወለዱ፣ ጽሕፈት ቤቱን ያነጋግሩ። ወላጆችና የክርስትና አባት ወይም እናት የዝግጅት ትምህርት አላቸው፤ ዕለቱም የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

2. የክርስትና አባት ወይም እናት ይምረጡ። በላቲን ሕግ ቢያንስ 16 ዓመት የሞላው፣ ጥምቀት፣ ሜሮንና ቁርባን የተቀበለ፣ በእምነቱ የሚኖር ካቶሊክ መሆን አለበት፤ የልጁ አባት ወይም እናት ሊሆን አይችልም። አንድ ወንድ፣ ወይም አንዲት ሴት፣ ወይም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይበቃሉ። የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ የሆነ ዘመድ ከአንድ ካቶሊክ ጋር ሆኖ ክርስትና ሊያነሳ ይችላል፤ ፕሮቴስታንት ወዳጅ ደግሞ ከካቶሊኩ ጎን በምስክርነት ይመዘገባል። ይህን ለዘመድ ቃል ከመግባትዎ በፊት ይወቁት፤ በዕለቱ በሰው ፊት «አይሆንም» መባል ያሳዝናል።

3. የመረጡት ሰው ሩቅ አገር ካለ ሌላ ሰው ወክሎት ሊቆም ይችላል። በመዝገቡ በክርስትና አባትነት ወይም እናትነት የሚጻፈው ግን የመረጡት ሰው ስም መሆኑን ያረጋግጡ።

4. በዕለቱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። ሕፃኑ ከደረቱ በቀላሉ የሚከፈት ልብስ ይልበስ፣ ምክንያቱም ቅብዐት ደረቱ ላይ ይቀባል። አናቱ በኮፍያ ወይም በሻሽ አይታፈን። ሜሮን ከተቀባ ወዲያው አይጥረጉት።

5. ከመሄድዎ በፊት በመዝገቡ ላይ የተጻፈውን በዓይንዎ ያንብቡ። በስሕተት የሰፈረውን ስም በዚያ ሰዓት ማረም የደቂቃ ሥራ ነው።

ወላጆች በቤተ ክርስቲያን አለመጋባታቸው ብቻውን ልጅን ከጥምቀት አያስቀርም። የሚጠየቀው ቢያንስ የአንዱ ወላጅ ፈቃድና ልጁ በእምነት እንደሚያድግ የሚያሳይ እውነተኛ ተስፋ ነው። ብቻሽን የምታሳድጊ እናት ከሆንሽ በሀፍረት አትቅሪ። የአባት ስም የሚጻፈው በሕጋዊ ማስረጃ ወይም አባትየው ራሱ በቆሞሱ ፊት ሲያረጋግጥ ነው፤ ይህ አለመኖሩ ጥምቀቱን አያቆመውም።

ሕፃኑ ሊሞት ከሆነ

ካህን እስኪመጣ መጠበቅ ካልተቻለ ክርስቲያን የሆነ ማንኛውም ሰው፣ ነርስም ሆነች አያት፣ ያጠምቃል። ንጹሕ ውኃ ያዙ። በሕፃኑ ግንባር ወይም አናት ላይ ቆዳው እስኪነካ ሦስት ጊዜ እያፈሰሳችሁ፣ ስሙን ጠርታችሁ «እኔ አጠምቅሃለሁ (አጠምቅሻለሁ)፣ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም» በሉ። የሚያፈስሰውም ቃሉን የሚናገረውም አንድ ሰው ይሁን።

ማስጠንቀቂያ፦ ከውኃ በቀር ሌላ ነገር፣ ወተትም ዘይትም፣ አይሆንም። «እናጠምቅሃለን» ማለትም አይሆንም፤ በዚህ ቃል የተደረገ ጥምቀት እንደማይጸና ቤተ ክርስቲያን በ2020 እ.ኤ.አ. በግልጽ አሳውቃለች። ልጁ ከተረፈ ዳግም አይጠመቅም። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ያጠመቀውን ሰውና ያየውን ምስክር ጽፋችሁ ወደ ቁምስና ውሰዱ፤ ቀሪው ሥርዓት ይሟላል፣ መዝገብም ይጻፋል።

ደረጃ 4፦ አዋቂ ሆነው ከመጡ፣ ከየት እንደመጡ ይናገሩ

ያልተጠመቀ ሰው በንዑሰ ክርስቲያንነት (ለጥምቀት በሚዘጋጅ ተማሪነት) ይመዘገባል። በላቲን ሥርዓት ሂደቱ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ እሑድ ምርጫው (ለጥምቀት የተዘጋጁት በይፋ የሚለዩበት ሥርዓት) ይፈጸማል፣ በሦስተኛው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው እሑድ ልዩ ጸሎት ይደረጋል፣ በትንሣኤ ሌሊት ጥምቀት፣ ሜሮንና ቁርባን በአንድነት ይሰጣሉ። ስለዚህ ለትንሣኤ መጠመቅ የሚፈልግ ሰው በጾሙ መካከል መምጣቱ ዘግይቷል፤ ከመስከረም ወይም ከጥቅምት ይጀምሩ።

ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ የመጣ ሰው ጥምቀቱም ሜሮኑም የጸና ነው። ሁለቱም አይደገሙም። የእምነት መግለጫና ትምህርት ይበቃል።

ከፕሮቴስታንት የመጣ ሰው በውኃ፣ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም ከተጠመቀ ጥምቀቱ ይጸናል፤ ሜሮን ግን ይቀበላል። በተለምዶ «ኦንሊ ጂሰስ» በሚባለው ወገን በኢየሱስ ስም ብቻ የተጠመቀ ሰው ግን እንዳልተጠመቀ ይቆጠራል። ስለዚህ «ተጠምቄያለሁ» ብቻ ብለው አይለፉ፤ በምን ቃልና እንዴት እንደተጠመቁ ይንገሩ። ጉዳዩ ተመርምሮም ጥርጣሬው ካልጠራ ካህኑ «ካልተጠመቅህ…» ብሎ በቅድመ ሁኔታ ያጠምቃል።

ደረጃ 5፦ ሜሮንና የመጀመሪያ ቁርባን

እዚህ ላይ በውጭ አገር ያሉ ወላጆች በጣም ይጠንቀቁ። በምሥራቅ ሥርዓት፣ የግዕዙን ጨምሮ፣ ሜሮን ከጥምቀት ጋር፣ በካህን እጅ ይሰጣል። በላቲን ሥርዓት ደግሞ ልጁ ካደገ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጳጳስ ይሰጣል። በዱባይ፣ በሮም ወይም በዋሽንግተን ያለ የላቲን ቁምስና የትምህርት ክፍል ይህን ላያውቅ ይችላል፤ 14 ዓመት የሞላውን ልጅ ሁሉ ለሜሮን ይመዘግባል። ሜሮን በሕይወት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ነው፤ በሕፃንነቱ በግዕዝ ሥርዓት ወይም በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የተቀበለውን ልጅ ደግሞ መቀባት ስሕተት ነው። ልጁ ከእኩዮቹ ጋር ትምህርቱን ይከታተል፣ በዓሉን ያክብር፤ ለአስተማሪውና ለቆሞሱ ግን «ሜሮን የሚለው ረድፍ ተሞልቷል» ብለው የጥምቀት ምስክር ወረቀቱን ያሳዩ። ረድፉ ባዶ ከሆነ አልተቀበለም ብለው አይደምድሙ፣ የተጠመቀበትን ቁምስና ይጠይቁ።

በላቲን ሥርዓት ልጅ ለመጀመሪያ ቁርባን የሚቀርበው ወደ 7 ዓመት ገደማ፣ ቅዱስ ቁርባንን ከተራ እንጀራ መለየት ሲችል ነው። አስቀድሞ ንስሐ ይገባል። ቅደም ተከተሉን አያዛቡ፤ መጀመሪያ ኑዛዜ፣ ከዚያ ቁርባን። የትምህርቱ ርዝመት ከቁምስና ቁምስና ይለያያል፣ ብዙ ቦታ ከ1 እስከ 2 ዓመት ነው። ቁምስና ከቀየሩ ልጁ የተማረበትን ደብዳቤ ይዘው ይሂዱ፤ አለዚያ እንደገና ከመጀመሪያ ይጀምራል።

ደረጃ 6፦ ንስሐ

ብዙ ዓመት ያልተናዘዘ ሰው የሚፈራው «እንዴት እንደሚባል ረሳሁት» ብሎ ነው። ይህንኑ ለካህኑ ይንገሩት፤ እየጠየቀ ይመራዎታል።

1. ከመግባትዎ በፊት ጸጥ ብለው ሕሊናዎን ይመርምሩ። አሥርቱን ትእዛዛት አንድ በአንድ ማለፍ ጥሩ መንገድ ነው።
2. በመስቀል ምልክት ይጀምሩ። «አባ፣ ይባርኩኝ» ብለው መጨረሻ የተናዘዙበትን ጊዜ ይንገሩ። ያገቡ ከሆኑ፣ ካህኑ እንደ ኑሮዎ እንዲመክርዎ ይህንንም ይንገሩ።
3. ከባድ ኃጢአቶችን በዓይነታቸውና በቁጥራቸው ይናገሩ፦ «ይህን አድርጌያለሁ፣ ወደ አምስት ጊዜ ያህል።» ዝርዝር ታሪክ አያስፈልግም፣ የሌላ ሰው ስምም አይጠራም።
4. የተሰጠዎትን ቀኖና በደንብ ይስሙ። የማይቻልዎ ከሆነ እዚያው ይናገሩ፣ ካህኑ ይቀይረዋል።
5. የጸጸት ጸሎትዎን ያድርሱ፣ ፍትሐት (ካህኑ የሚሰጠውን የኃጢአት ስርየት) ይቀበሉ። ቀኖናውን በዚያው ቀን ይፈጽሙ፤ የተላለፈ ቀኖና ይረሳል።

ረስተው የተዉት ኃጢአት ተሠርዮልዎታል፣ ከባድ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ይንገሩ። አውቀው የደበቁት ግን ኑዛዜውን ሁሉ ያበላሻል። ካህኑ የሰማውን ለማንም፣ ለባልዎም፣ ለአሠሪዎም፣ ለዳኛም መንገር አይችልም።

በስልክ ወይም በቪዲዮ ጥሪ ኑዛዜ አይሰጥም። በአሠሪ ቤት ተዘግተው የሚሠሩ እህቶች ይህን ደጋግመው ይጠይቃሉ፣ ጥያቄውም ከልብ የመጣ ነው። መውጣት እስኪቻል ድረስ፣ ከእግዚአብሔር ፍቅር የመነጨ እውነተኛ ጸጸት፣ ዕድሉ እንደተገኘ ለመናዘዝ ከቆረጠ ሐሳብ ጋር፣ ከባድ ኃጢአትንም ያሠርያል። አማርኛ የሚሰማ ካህን ከሌለ በአስተርጓሚ መናዘዝ ይፈቀዳል፤ አስተርጓሚውም ምሥጢሩን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ሳውዲ ዓረቢያ ላይ በይፋ የተከፈተ ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ፣ እዚያ ያለ ሰው ለዕረፍት አገር ቤት ሲመጣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ለቁምስናው ያሳውቅ፤ በመጨረሻው ቀን ምንም አይደርስም።

ደረጃ 7፦ በቁርባን ዕለት

በላቲን ሥርዓት ከመቁረብ በፊት ቢያንስ 1 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ ይጾማል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ቅዳሴው እስከሚጀመርበት ሳይሆን እስከሚቆርቡበት ቅጽበት ነው። ውኃና መድኃኒት ጾሙን አይሽሩም፤ ቡና፣ ማስቲካና ከረሜላ ይሽራሉ። አረጋውያን፣ ሕሙማንና አስታማሚዎቻቸው አይገደዱም። በግዕዝ ሥርዓት ቁምስና የጾሙን ልክ ከቆሞሱ ይጠይቁ።

ካህኑ «የክርስቶስ ሥጋ» ሲል «አሜን» ብለው ይመልሱ። በእጅ መቀበል በሚፈቀድበት ቦታ ግራ እጅዎን በቀኝ ላይ ዘርግተው፣ በቀኝ እጅዎ አንሥተው፣ ከካህኑ ፊት ሳይርቁ ይቀበሉ። ይዘው ወደ መቀመጫ መሄድ፣ ለታመመ ዘመድ በመሐረብ መቋጠር በጭራሽ አይፈቀድም፤ ለታመመው ካህን ወይም የተፈቀደለት አገልጋይ ይወስድለታል። እንግዳ ቁምስና ከሆነ ከፊትዎ ያሉት እንዴት እንደሚቀበሉ ይመልከቱ። ስንዴ የማይስማማዎ ከሆነ ከቅዳሴ በፊት ለካህኑ ይንገሩ፤ ግሉተኑ እጅግ የቀነሰ ኅብስት ማዘጋጀት ወይም ከጽዋው ብቻ መቀበል ይቻላል።

ከባድ ኃጢአት ያለበት ሰው ሳይናዘዝ አይቁረብ። በማዘጋጃ ቤት ብቻ ያገቡ ጥንዶች ደግሞ ተስፋ ቆርጠው ከቅዳሴ አይቅሩ፤ ወደ ደረጃ 8 ይሂዱ፣ አብዛኛው ጉዳይ መፍትሔ አለው።

ደረጃ 8፦ ጋብቻ

ከሠርጉ ቢያንስ 6 ወር ቀድመው ቆሞሱን ያነጋግሩ። አዳራሽ ከመከራየትና መጥሪያ ከማሳተም በፊት ማለት ነው። አንዳችሁ ውጭ አገር፣ ሌላችሁ አገር ቤት ከሆናችሁ ከዚያም በላይ ይስጡት፣ ወረቀቱ በሁለት ሀገረ ስብከቶች በኩል ስለሚያልፍ።

1. አዲስ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ያውጡ። ብዙ ቁምስናዎች ከወጣ 6 ወር ያልሞላው ይጠይቃሉ። በሕፃንነት የተሰጠውና በቤት ግድግዳ ላይ ያለው ለዚህ አይሠራም። ምክንያቱ ያ ወረቀት የጥምቀቱን ቀን ብቻ ስለሚናገር ነው፤ አዲሱ ግን በመዝገቡ ኅዳግ ላይ የተጻፈ ሌላ ጋብቻ መኖር አለመኖሩን ያሳያል።

2. ቆሞሱ ሁለታችሁን ለየብቻ ያነጋግራል። ጥያቄው እናንተን ለመሰለል አይደለም፤ በነፃ ፈቃድ፣ ያለ ማንም ጫና፣ እስከ ሞት ድረስ፣ ለልጆች ክፍት ሆናችሁ እንደምትጋቡ ማረጋገጥ አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ጋብቻው ላይጸና ይችላል። ቤተሰብ ካስገደደሽ የምትናገሪበት ሰዓት ይህ ነው።

3. የዝግጅት ትምህርቱን ይጨርሱ፣ ስማችሁ በቁምስናው ይነገር። የማስታወቂያው ዓላማ ዕንቅፋት የሚያውቅ ሰው እንዲናገር ነው፤ ሥጋ ዝምድናን በተመለከተ በአገራችን እስከ ሰባት ቤት የመቁጠር ልማድ ስላለ ቤተሰብ አስቀድሞ ቢነጋገርበት ጥሩ ነው።

4. አንዳችሁ ካቶሊክ ካልሆናችሁ ይህን በመጀመሪያው ቀን ይናገሩ። ኦርቶዶክስ ወይም ፕሮቴስታንት ከሆነ የጳጳሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያልተጠመቀ ከሆነ ከዕንቅፋቱ የሚፈታ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ያለዚያ ጋብቻው አይጸናም። ካቶሊኩ ወገን እምነቱን እንደሚጠብቅና ልጆቹ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁና እንዲያድጉ የሚችለውን ሁሉ እንደሚያደርግ ቃል ይገባል። ሌላው ወገን ይህን እንዲያውቅ ይደረጋል።

5. ባራኪው ማን እንደሆነ ያረጋግጡ። ከሁለታችሁ አንዱ የግዕዝ ሥርዓት አባል ከሆነ፣ ወይም የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ከሆነ፣ ጋብቻውን ካህን መባረክ አለበት፤ ዲያቆን አይችልም። በአውሮፓና በአሜሪካ የላቲን ቁምስናዎች ዲያቆን ሠርግ መፈጸሙ የተለመደ ስለሆነ ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው።

6. ሁለት ምስክሮች በዕለቱ ይገኙ፣ መዝገቡን ይፈርሙ። በኢትዮጵያ ሕግ ሁለታችሁም 18 ዓመት የሞላችሁ መሆን አለባችሁ። ከዚያ በአካባቢያችሁ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ፤ ለቪዛና ለውርስ የሚጠየቀው ያ ወረቀት ነው።

7. ከሠርጉ ከአንድ ወይም ሁለት ወር በኋላ የተጠመቃችሁበትን ቁምስና ደውላችሁ ጠይቁ፦ «ጋብቻችን በኅዳጉ ተጽፏል?» ያጋባችሁ ቁምስና ማሳወቅ ግዴታው ነው፣ ደብዳቤ ግን በመንገድ ይቀራል።

የፍርድ ቤት ፍቺ የቤተ ክርስቲያንን ጋብቻ አያፈርስም። ቀድሞ ያገባ ሰው የመጀመሪያው ጋብቻ ከመነሻው ያልጸና እንደነበር በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ሊያስመረምር ይችላል። ውሳኔው በእጅዎ ሳይገባ ግን የሠርግ ቀን አይቁረጡ፣ ማንም ቀኑን ቀድሞ ሊያረጋግጥልዎ አይችልም።

ስለ ገንዘብ፦ ምሥጢራት አይሸጡም። ቁምስናው የተወሰነ መባ ሊጠይቅ ይችላል፤ የሌለው ሰው ግን በዚህ ምክንያት አይከለከልም። «ወረቀቱን አፋጥናለሁ» ብሎ ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ ገንዘብ ለሚጠይቅ አይክፈሉ።

ደረጃ 9፦ ምሥጢረ ቀንዲል፣ ለታመመ ሰው

ቤተሰብ ካህን መጥራት የሚፈራው «ሊሞት ነው ብሎ ይደነግጣል» በሚል ነው። በዚህ ፍርሃት ምክንያት ብዙ ሰው ራሱን ከሳተ በኋላ ይጠራል፣ ያኔ ደግሞ መናዘዝም መቁረብም አይችልም። ቀንዲል ሕመሙ ከባድ መሆን ሲጀምር፣ ከትልቅ ቀዶ ሕክምና በፊት፣ በእርጅና ሲደክሙ የሚሰጥ ነው። ሕመሙ ከበረታ ወይም ድኖ እንደገና ከታመመ ይደገማል። ለሞተ ሰው ግን አይሰጥም።

ሲደውሉ እነዚህን ይንገሩ፦ የበሽተኛው ስም፣ ሆስፒታሉ፣ የክፍልና የአልጋ ቁጥር፣ የጥየቃ ሰዓት፣ መናገርና መዋጥ ይችል እንደሆነ። መዋጥ ከቻለ ካህኑ ቅዱስ ቁርባን ይዞ ይመጣል፤ ካልነገሩት ሳይዝ ሊመጣ ይችላል። ቤት ውስጥ ከሆነ ትንሽ ጠረጴዛ በነጭ ጨርቅ ይሸፍኑ፣ መስቀል፣ ሻማና አንድ ብርጭቆ ውኃ ያስቀምጡ። ኦክስጅን በሚሰጥበት ክፍል ሻማ አያብሩ። ለኑዛዜ ሁሉም ከክፍሉ ይውጣ፣ ከዚያ ለጸሎቱ ተመልሶ ይግባ። ግንባሩና እጆቹ ስለሚቀቡ ጓንት ወይም ፋሻ ካለ ለነርሷ አስቀድመው ይንገሩ። የሚቀባው ካህን ብቻ ነው፤ ዲያቆንም ደናግልም (ገዳማውያት እህቶችም) ጸሎትና ቁርባን እንጂ ቀንዲል አይሰጡም። በሽተኛው ሜሮን ሳይቀበል የቀረ ከሆነ ይህንንም ይናገሩ፤ ለሞት በሚያሰጋ ሁኔታ ላይ ላለ ሰው የመጣው ካህን ራሱ ሜሮን ሊሰጠው ይችላል፣ ከዚያም ስሙ ወደ ጥምቀት መዝገቡ ይላካል።